ቃላዱ በማን እጅ ነው?

መለካት የዕውቀት መጀመሪያ ነው። የሰው ልጅ ጥላውን በጫማው፣ እህሉን በቁና፣ ሸማውን በክንድ፣ እርሻውን በጥማድ መለካት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የተፈጥሮን ስፋት በአእምሮው ሊጨብጥ፣ የጨበጠውንም ለጎረቤቱ ሊያስረዳ ችሏል። ይሁን እንጂ መለኪያ የዕውቀት መሣሪያ ብቻ ሆኖ የኖረበት ጊዜ የለም። እህል በሚሰፈርበት ቁና ግብርም ይሰፈርበታል፤ ሸማ በሚለካበት ክንድ ዋጋም ይቆረጥበታል፤ እርሻ ሲለካ ባለ እርሻውም አብሮ ይለካል። ስለዚህ የልክ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንደኛው «ልኩ ትክክል ነውን?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «የለካው ማን ነው? ስለ ምንስ ለካ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው በሳይንስ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ በመሆኑ ሳይንስ ብቻውን አይመልሰውም።

በዘመናችን የሚለካው እርሻና ሸማ ብቻ አይደለም። ውቅያኖስና ወንዝ፣ ደመናና ነፋስ በኮምፒውተር ውስጥ ዳግመኛ እየተሠሩ ነው። ባለሙያዎች ሞዴል የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ ግን አምሳያ የምንለው ይህ ሥራ ውኃው እንዴት እንደሚሞቅ፣ ወዴት እንደሚፈስ፣ ምን እንደሚሸከም በሒሳብ ቀመር አስልቶ ነገ ሊሆን የሚችለውን ዛሬ ለማሳየት የሚጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ብሬስት በተባለችው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ የውቅያኖስን ዲጂታል መንትያ እንደሚሠራ አስታውቋል። ዓሣ ምን ያህል ይጠመድ፣ ማዕድን ከባሕር ወለል ይውጣ ወይስ ይቅር፣ የትኛው የባሕር ክፍል ይከለል የሚሉት ዓለም አቀፍ ውሳኔዎች በእንዲህ ያሉ አምሳያዎች ላይ ይበልጥ እየተደገፉ ሄደዋል። «ባሕር የሌለው የደጋ ሰው ከዚህ ምን አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ከምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም ከቢቸናና ከሞጣ አገር ተነሥተን ብንመረምረው ከየትኛውም የባሕር ዳርቻ ይበልጥ ጠርቶ ይታየናል። ምክንያቱም ያ አገር በሌላ እጅ መለካት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዛሬም ወንዞቹ ይለካሉ።

በመጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ አልነበረም። ግብሩ ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ እንዲጣል፣ ብዙ የሚያገኘው ብዙ እንዲከፍል ያዘዘ ነበር። ሆኖም የምርት ገማቾቹ ወደ ገጠሩ ሊዘልቁ ሲሞክሩ የጎጃም ገበሬ አላስገባም አለ። ዐመፁ በርትቶ ከታየባቸው አውራጃዎች ዋነኞቹ ቢቸና፣ ሞጣና ዳሞት ነበሩ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የአየር ኃይልም ተላከ፤ ገበሬው ግን አልተበገረም። በፍጻሜው የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በዚያ አገር ሳይሠራበት ቀረ።

ገበሬው የፈራው ምንድን ነበር? ለውጥ የማይወድ ነው፣ ዘመኑ አልገባውም ብለው የወቀሱት አልጠፉም። ፍርሃቱ ግን ከልምድ የመነጨ ነበር። የምርቱ ግምት ለመሬት ቅየሳ በር ከፋች ነው፣ ቅየሳውም ርስትን ያሳጣል ብሎ ያምን ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቃላድ የተጣለበት መሬት እንዴት እንደ ተከፋፈለ፣ በመሬቱ ላይ የኖረውም ሰው እንዴት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ወሬው ከደረሰው ቆይቷል። ቃላድ ገመድ ነው፤ ገመድ በራሱ አይዋሽም። የሚያስፈራው ገመዱን የያዘው እጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሳይሞላ በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ገመድ ዳግመኛ ተዘረጋ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው በጎዛምን ወረዳ ውስጥ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ጠመንጃ አልተነሣም። በልኬታው ላይ የተሠለፉት ገበሬው ከመካከሉ የመረጣቸው የኮሚቴ አባላት ነበሩ፤ ወሰኑ የሚነገረው ድንበርተኞች በቆሙበት ነበር፤ የተመዘገበውም ለሕዝብ እየታየ ቅር ያለው ሰው አቤት እንዲል ጊዜ ይሰጠው ነበር። በመጨረሻም ባለ ይዞታው ስሙ የሰፈረበትን ደብተር በእጁ ያዘ። ይህ ሥራ እንከን አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ የድንበርንም ሙግት ጨርሶ አላጠፋም። ነገር ግን ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ መሬቱም ያው መሬት ሆኖ ሳለ የአንዱ ዘመን ልክ በጥይት ሲመለስ የሌላው በደብተር ተፈጸመ። ልዩነቱን ያመጣው የገመዱ ርዝመት አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። መለካቱ የሚጀምረው ከየት ነው? የሚለካውስ ማን ነው፣ የተለካውስ ሰው ቃሉ ይሰማለታልን? ልኩ ቢሳሳት ወይም ጉዳት ቢያመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? የዘመናችን አምሳያዎች ገመድ የላቸውም፤ በሳተላይት ያያሉ፣ በኮምፒውተር ያሰላሉ። ሆኖም እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለእነርሱም ይቀርቡላቸዋል። ሐሳቤን በአጭር ቃል ለመግለጽ ያህል፣ አምሳያ ትክክል ስለ ሆነ ብቻ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ፍትሐዊ የሚሆነው ሦስቱን ጥያቄዎች በተለኪው ፊት ቆሞ ሲመልስ ነው።

አሁን ከመሬቱ ወደ ውኃው እንሻገር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራና በዙሪያው ያለው ደጋ የብዙ ወንዞች መፍለቂያ ነው። ሱሃ በቢቸና አጠገብ፣ ሙጋ በደጀን በኩል፣ አዝዋሪ በሞጣ አጠገብ አልፈው ሁሉም ወደ ዓባይ ገደል ይወርዳሉ። በእነዚህ ወንዞች ላይ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተክለዋል። ጣቢያ ሲባል ብዙ ጊዜ ታላቅ ሕንፃ ማለት አይደለም። በወንዙ ዳር የቆመ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው በጥቂት ክፍያ ተቀጥሮ ጠዋት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወደ ወንዙ ይወርድና ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ባለሙያዎች ደግሞ አልፎ አልፎ እየመጡ የውኃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋት ለክተው፣ ይህን ያህል ከፍታ ማለት በሴኮንድ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው የሚል የዝምድና መስመር ያወጣሉ። የዘንጉ ቁጥር ወደ ውኃ መጠን የሚለወጠው በዚህ መስመር ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ክፍተት አለ። ጎርፉ በእኩለ ሌሊት መጥቶ ጎሕ ሳይቀድ ቢያልፍ ዘንጉን ያየው የለም። አንባቢው ቢታመም፣ ዘንጉን ደራሽ ውኃ ቢወስደው፣ የአገሩ ጸጥታ ቢታወክ መዝገቡ ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲቀር ግን አምሳያው አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሱሃ የጎደላት ቀን ከሙጋ ተበድሮ ይሞላል፤ ከዝናቡ ተነሥቶ ይገመታል። መሙላቱ በራሱ ነውር የለውም፤ ሊቃውንቱም ሥርዓት አበጅተውለታል። ነውር የሚሆነው የተለካውና የተገመተው በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፈው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ከተሞች ተሻግረው በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የትኛው ዐይን ያየው፣ የትኛው ስሌት የሞላው መሆኑ የተረሳ እንደ ሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ግምት እውነት ተብሎ ይሾማል።

የዓባይ ተፋሰስ እንዲህ ባለ መንገድ ከተጠና ረዥም ጊዜ ሆኖታል። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያካሄደው ጥናት በ1964 ሲጠናቀቅ በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና በሱዳን ድንበር አጠገብ የሚሠሩ አራት ግድቦችን አመልክቶ ነበር። የናይል ተፋሰስ አገሮች ኢኒሼቲቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተመሠረተ በኋላ አገሮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የውሳኔ ማገዣ የኮምፒውተር ሥርዓት በዴንማርክ ባለሙያዎች ተሠርቶ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። በመካከሉ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ በዓመት በአማካይ 50 ቢሊዮን ያህል በሚፈስበት ወንዝ ላይ ሲሠራ «በታች ባሉት አገሮች ላይ ምን ያመጣል?» የሚለው ጥያቄ ያለ አምሳያ ሊመለስ የማይችል ሆነ።

ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከግብፅና ከሌሎች አገሮች የተውጣጣው የጠበብት ቡድን እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሁለት ተጨማሪ ጥናቶች እንዲደረጉ መከረ። አንደኛው የውኃውን ፍሰትና የኃይል ማመንጨቱን ሥራ በአምሳያ የሚያሰላ ነበር። ሦስቱ መንግሥታት በ2016 ካርቱም ላይ ከሁለት የፈረንሳይ አማካሪ ድርጅቶች ጋር ውል ፈረሙ። አንድ ዓመት አለፈ። በኖቬምበር 2017 ካይሮ ላይ በተደረገው ስብሰባ ግን የአማካሪዎቹን የመጀመሪያ ሪፖርት ግብፅ ስትቀበል ኢትዮጵያና ሱዳን እንዲሻሻል ጠየቁ። ጥናቱ በዚያው ቆመ። ገና አንድ ጠብታ ውኃ ሳይሰላ ያቆመው ምን ነበር? የመነሻው ጉዳይ ነው።

መነሻ ማለት «ጉዳት» የሚለው ቃል ትርጉሙን የሚያገኝበት ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ባደረጉት ስምምነት በአስዋን የሚገኘው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ተብሎ ሲከፈል የቀረው 10 ለትነት ታሰበ። ከዚህ ውኃ የአብዛኛው ምንጭ የሆነችው ኢትዮጵያ በስምምነቱ አልተጠራችም፤ ድርሻዋም በቁጥሩ ውስጥ የለም። እንግዲህ አምሳያው ከዚህ ክፍፍል እንዲነሣ ቢደረግ ከሱሃ ተጠልፎ የጤፍ ማሳ የሚያጠጣ እያንዳንዱ ቦይ በሌላው ጫፍ «ጉዳት» ተብሎ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ በስሌቱ አይሳሳትም፤ የተሰጠውን ይቀንሳል፣ ይደምራል። ፍርዱ ግን ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ተሰጥቷል። በአንጻሩ ደግሞ በታች ማንም እንደሌለ ሁሉ ከወንዙ የተፈጥሮ ፍሰት ብቻ ቢጀመር ለሺህ ዓመታት በዚህ ውኃ የኖረው የግብፅ ገበሬ ከሒሳቡ ይጠፋል። ይህም ፍትሕ አይባልም። ስለዚህ የመነሻው ምርጫ የባለሙያ ጉዳይ ነው ብሎ ለመሐንዲሶች መተው ዳኝነትን ለጸሐፊ እንደ መተው ያለ ነው። ምርጫው በግልጽ ተነግሮ፣ ሁሉም ወገን ተሟግቶበት፣ ካልተስማሙም አምሳያው ከሁለቱም መነሻ ተሰልቶ ልዩነቱ ለሕዝብ ሊታይ ይገባል።

«ታዲያ አምሳያ የኃያላን መሣሪያ ከሆነ ይቅርብን» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ከቁጣ የመጣ ስለሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን አልስማማበትም። አምሳያ በሌለበት ቦታ የሚነግሠው መፈክር ነው። በእኛም በኩል ሆነ በታች ባሉት አገሮች ስለ ግድቡ ብዙ ተጩኋል፤ አንዱ ወንዙ ይደርቃል ሲል ሌላው ምንም አይቀርም ብሏል። ከጩኸቱ መካከል ነገሩን በልኩ ያስቀመጠው የስሌት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኬቪን ዊለርና በባልደረቦቹ የታተመ ጥናት በመሙላቱ ዘመን የሚኖረው አደጋ በመተባበር ሊያዝ የሚችል መሆኑን፣ ጥንቃቄና የጋራ ሥርዓት ይበልጥ የሚያሻውም ግድቡ ከሞላ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት የሚዘልቅ ድርቅ ቢመጣ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ለሁሉም ወገን ይጠቅማል። የፈራውን ያረጋጋል፤ የተዘናጋውን ያነቃል። እንግዲህ ገመዱን መበጠስ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ብዙ እጆች እንዲይዙት ማድረግ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ጥያቄውን ወደ ራሳችን መመለስ ግዴታችን ነው። የተለካ ሰው ገመዱ በእጁ በገባ ጊዜ እንዴት ይለካል? ግድቡ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ መያዝ ሲጀምር የሱዳን መንግሥት በድንበሩ አጠገብ ባለው የኤል ዲም ጣቢያ የውኃው መጠን በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታውቆ ነበር። በካርቱም ዳርቻ ውኃ የሚቀዳ ሰው ከወንዙ በላይ የሚደረገውን አስቀድሞ የማወቅ መብቱ፣ የቢቸና ገበሬ ስለ ማሳው የማወቅ መብት ካለው አያንስም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራውን ይዟል። ኢትዮጵያ ዛሬ በዓባይ ላይ ታላቁን መለኪያ የጨበጠች አገር ናት። ትናንት «ሳንጠየቅ ተለካን» ብላ የተከራከረች አገር ዛሬ የለካችውን በወቅቱ ብታካፍል የክርክሯን እውነተኛነት በሥራ ታስመሰክራለች።

ነገሩ በአገሮች መካከል ብቻም አይደለም። በመንግሥትና በገበሬው መካከልም ያው ነው። ከጮቄ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በግድቡ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል። የአፈሩን መሸርሸር ለማስላት በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቀመር በአሜሪካ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1985 በሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ የተስማማው ነው። ለዚህ የረዳው ልኬታ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በደምበጫ አካባቢ ያለችው አንጀኒ ናት። ቀመሩ ስድስት ቁጥሮችን ያባዛል፤ እነርሱም የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የምድሩ ሽፋንና የአያያዙ ዘዴ ናቸው። ገበሬው በዚህ ውስጥ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ነው። በጋ ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው እርከን ከአንድ የሚያንስ አባዢ ቁጥር ይሆናል። ቀመሩ ሐሰት አይናገርም። ሆኖም ገበሬው ተዳፋቱን የሚያርሰው ለጥ ያለ መሬት ስለ ጠበበው፣ ኩበቱን ወደ ምድጃ የሚማግደው ማገዶ ስላጣ መሆኑን ቀመሩ አያውቅም። ውጤቱን ብቻ የሚያነብ ሹም ግን ገበሬውን የግድቡ ጠላት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ ጠዋትና ማታ ወደ ወንዙ ወርዶ ዘንጉን የሚያነበው ሰው የመዘገበው ቁጥር የት እንደ ደረሰ፣ ስለ መንደሩም ምን እንዳስወሰነ የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው። ዐይኑን ወስደን ከብርሃኑ አናካፍለውም።

አሁን ወደ ውቅያኖሱ መመለስ እንችላለን፤ ጥያቄው እዚያም ያው መሆኑን እናያለን። የጎጃም ክረምት ከጎጃም ሰማይ ብቻ አይመጣም። በሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ላይ ያለው ውኃ ከወትሮው አብልጦ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው ይህ ክሥተት የኢትዮጵያን ክረምት ሊያሳጥርና ሊያሳሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1982–83ቱ ታላቅ ኤል ኒኞ ማንም ሳይተነብየው ከመጣ በኋላ ይህን ውኃ የሚለኩ ወደ 70 የሚጠጉ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች በውቅያኖሱ ላይ ተሠማርተው በ1994 ተጠናቀቁ። በ2012 ግን ጣቢያዎቹን ስትጠግን የነበረች አንዲት የአሜሪካ መርከብ በበጀት ምክንያት ከአገልግሎት ወጣች፤ በ2014 መጀመሪያ ከጣቢያዎቹ የሚደርሰው መረጃ ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ታላቅ ኤል ኒኞ መጣ፤ በአገራችንም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ድርቁን ያመጣው የመርከቧ መቆም ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ወሎና ሐረርጌ ስለ ክረምታቸው አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ድምፅ በማይሰጡበት አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያሳያል። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በበረቱባቸው ዓመታትም በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መለኪያ ማሠማራት አዳጋች ሆኖ ነበር። ባሕሩ በማይለካበት ቦታ አምሳያው ይገምታል፤ የግምቱ ስሕተት የሚያርፈው ግን በገማቹ ጎተራ አይደለም።

በባሕር ወለል ማዕድን ላይም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። መቀመጫውን ጃማይካ ያደረገው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለ ሥልጣን ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለውን ወለል የሚጠብቀው የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው በሚል ሕግ ነው። በዚህ «ሁሉ» ውስጥ ባሕር የሌላቸውም አገሮች አሉበት። ማዕድኑ ሲቆፈር የሚነሣው ደለል ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ጥናት አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ግን ራሱ ቆፋሪው ነው። የ1960ውን ገበሬ ብንጠይቀው «ገማቹም ሰብሳቢውም አንድ ሰው ነው?» ይለን ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት የዓለም አቀፍ ባሕሮች ብዝኀ ሕይወት ስምምነት የቴክኖሎጂ ሽግግርና የአቅም ግንባታ ክፍል እንዲኖረው መደረጉ፣ ባሕር አልባ ታዳጊ አገሮችንም ማስታወሱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መረጃን ማየትና በአምሳያው ውስጥ ቃል ማስገባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መነሻውን ለመምረጥ ያልተጋበዘ አገር የተከፈተለት መዝገብ ብቻውን አያስከብረውም።

በመጨረሻ የሚቀረው የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። አምሳያ በባሕርዩ በዕድል ይናገራል። «ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው» ይላል። ይህ ቃል ከሊቁ ወደ ሹሙ፣ ከሹሙ ወደ ልማት ሠራተኛው፣ ከልማት ሠራተኛው ወደ ገበሬው ሲተላለፍ ዕድልነቱ በየደረጃው እየተራገፈ «ዝናብ የለም» ወይም «ዝናብ አለ» ሆኖ ይደርሳል። ገበሬው በዚያ ቃል ዘሩን ይዘራል ወይም ያቆያል። ቃሉ ሳይሰምር ሲቀር ሊቁ «እኔ ያልሁት በመቶኛ ነው» ይላል፤ ሹሙ «ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። የተራበው ሰው ክሱን የሚያቀርብበት ደጃፍ ያጣል። ኮምፒውተሩ ኃፍረትም ጸጸትም ስለሌለው ኃላፊነት ሊጣልበት አይችልም፤ ኃላፊነት የሚሸከም ትከሻ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በአምሳያ ተደግፎ የሚወስን ሁሉ ውሳኔው የእርሱ መሆኑን በስሙ መፈረም ይገባዋል።

የጎጃም የቅኔ ቤቶች ያወረሱን አንድ ጥበብ አለ። ሰሙን ሳይፈቱ ወርቁን ማግኘት አይቻልም፤ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የያዘም ሰው ቅኔው አልገባውም። አምሳያ ሰም ነው። ያለ እርሱ የውኃውን ምሥጢር ለመግለጥ አንችልም፤ ስለዚህ ሊናቅ አይገባውም። ወርቁ ግን ውኃው ራሱና በውኃው የሚኖረው ሰው ነው። ቅኔ ተማሪው የዘረፈውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ይጠየቃል፤ ይታረማል። በየመሥሪያ ቤቱና በየጉባኤው የሚቀርቡ የባሕርና የወንዝ አምሳያዎችም በተለኪው ሕዝብ ቋንቋ ሊነገሩ፣ ሊጠየቁና ሊታረሙ ይገባል።

ይህ የሩቅ ምኞት አይደለም። የሱሃና የአዝዋሪ የዓመት መዝገብ በቢቸናና በሞጣ ለሕዝብ እንዲነበብ ማድረግ ታላቅ ወጪ አይጠይቅም። የተለካውን ከተገመተው ለይቶ መጻፍ የታማኝነት እንጂ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ከሱዳንና ከግብፅ ጋር የየዕለቱን ፍሰት መለዋወጥ ሉዓላዊነትን አይቀንስም፤ የልበ ሙሉ ጎረቤት ሥራ ነው። በዓለም ጉባኤ ላይም የኢትዮጵያ ልዑካን የአምሳያውን ውጤት ከመቀበላቸው ወይም ከመንቀፋቸው በፊት «መነሻው ከየት ነው? የለካው ማን ነው? የሚጠየቀውስ?» ብለው ሊጀምሩ ይገባል። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. እነዚህን ጥያቄዎች በጠመንጃ ጠየቀ፤ ሌላ የሚሰማ ጆሮ አላገኘምና። ዛሬ በቃል የሚጠየቁበትን መንገድ ማበጀት ገመዱን የያዝነው ሁሉ ዕዳ ነው።